ሰርቪስ ቤቱን ለዶሮ ከመስጠታችሁ በፊት፦ ከግድግዳው ጀርባ ማን ነው የሚተኛው?



በቅርቡ አንድ ዘመዴ «ና እስቲ የሠራሁትን እይልኝ» ብሎ ጠራኝ። ጊቢው ጀርባ ያለውን አሮጌ ሰርቪስ የዶሮ ቤት አድርጎታል። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ቆጥ አለው፣ መጠጫ አለው፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነጥፏል። «ዶክተር፣ ከእንግዲህ እንቁላል መግዛት ቀረ» አለኝ።

ከዶሮዎቹ ጎን በቺፕውድ የተከፈለች ጠባብ ክፍል አየሁና «ይቺስ?» አልኩት። «እሷማ የልጅቷ መኝታ ናት» አለኝ። የቤት ሠራተኛቸውን ማለቱ ነው። ቺፕውዱ ጣሪያው ድረስ እንኳን አይደርስም። ልጅቷን ስጠይቃት «ያስለኛል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ዓይኔን ያቃጥለኛል» አለችኝ።

የዶሮ ኩስ እርጥበት ሲያገኝ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮና ሳንባን ይቆጣል። የላባውና የሰጋቱራው ብናኝ ሲጨመርበት አስም ላለበት ሰው በጣም ከባድ ነው። ዶሮዎቹ ቤት አገኙ፣ ልጅቷ ግን መተንፈሻ አጣች።

ዶሮ አታርቡ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እንቁላል ለልጅ እድገት ከሚጠቅሙ ምግቦች አንዱ ነው፣ ዋጋውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሎስ ዋን በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ሕፃናት አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው ከሚተኛበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ጊዜ ግን ውጤቱ ወደ ታች የሚጎትት ነበር። አንድ ጥናት ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ከምናውቀው ጋር ይገጥማል። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎችን በኩሷ ልታወጣ ትችላለች። ዳዴ የሚል ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል።

«ያ ገጠር ነው» ትሉኝ ይሆናል። የከተማ ጊቢ እኮ ይብሳል! ሰርቪሱ፣ ኩሽናውና የልብስ ማጠቢያው ጎን ለጎን ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሰው የሚያድርበት ሰርቪስ የዶሮ ቤት አይሆንም። በቺፕውድም በመጋረጃም ቢከፈል አይሆንም። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ባዶ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. መጀመሪያ ጽዳት። አሮጌ ክፍል አቧራና የአይጥ ኩስ አለው። በደረቁ አትጥረጉ፤ ውሃ ርጩበት፣ ማስክ አድርጉ። የሚላጥ አሮጌ ቀለም ካለ እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ይችላል። ዶሮ ፍርፋሪውን ትለቅመዋለች፣ ወደ እንቁላሉም ይገባል። ስለዚህ ፍርፋሪውን በሙሉ ለቅማችሁ አስወግዱ።

2. አየር። ከዶሮዎቹ ቁመት በላይ፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መተንፈሻ ክፈቱ። በር ከፍታችሁ ስትገቡ ዓይናችሁን ካቃጠለ አየሩ አልበቃም ወይም ሰጋቱራው ርሷል ማለት ነው። እርጥቡን አውጥታችሁ በደረቅ ተኩ። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ዶሮ በላይ አታጭቁ።

3. ወንፊት ሽቦ። መስኮቱን ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ በማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ሸፍኑ። ተራው የዶሮ ሽቦ አይጥ ያስገባል፣ ሸለምጥማጥም ይቀደዋል። የወለሉን ስንጥቅ በሲሚንቶ ድፈኑ፤ መኖውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ።

4. ከሰል በፍጹም! ጫጩት ለማሞቅ ብሎ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ማድረግ ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ለጀማሪ የሚሻለው የ45 ቀን ጫጩት መግዛት ነው፣ ላባ ስላወጣ እንደ አንድ ቀን ጫጩት ማሞቂያ አይፈልግም። አምፖል የምትጠቀሙ ከሆነ ሽቦው የተላጠ እንዳይሆን፣ አምፖሉም ከሰጋቱራው እንዲርቅ አድርጉ፤ እሳት ይነሳል።

5. ጫማና እጅ። ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚሆን ቦት ጫማ በሩ ላይ ይቀመጥ። ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዶሮና ጫጩት አይንኩ። ነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም ኩስ አይጥረግ።

6. መድኃኒት። ዶሮ ባነጠሰች ቁጥር አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ መበጥበጥ ይቅር። ቅሪቱ በእንቁላሉ በኩል ወደ እናንተ ይመጣል፣ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለማመዳል። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፣ የፈንግል ክትባትም በጊዜው ይሰጥ። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ከሞተ አትብሉ፣ ለሰውም አትስጡ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

ዘመዴ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «እሷ እኮ ምንም አላለችም» አለኝ። እንዴት ትበል? ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ «የምተኛበት ክፍል አልተመቸኝም» ብላ ለመናገር ሥራዋን ማጣት አለባት። ዝም ማለቷ ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። ደግነቱ በዚያው ሳምንት ወደ ዋናው ቤት አስገባት፣ የዓይኗ ማቃጠልም ተወት። ሳሉ ግን ሁለት ሳምንት ስላለፈው ጤና ጣቢያ ሄዳ የቲቢ ምርመራ እንድታደርግ ልኬያታለሁ። እናንተም ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ካለባችሁ «የዶሮ ብናኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ወደ ሰርቪሱ ሄዳችሁ በሩን ዝጉና አምስት ደቂቃ ቁሙ። እናንተ ልታድሩበት የማትችሉትን ክፍል ለሰው አትስጡ።

ዶሮ ለማርባት ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልን። ጤና ይብዛላችሁ!