ጉድጓዱን ከፍታችሁ አይታችኋል?

ቡታጅራ ውስጥ አንድ ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በሦስተኛው ኮምፒውተሮቹን የሚይዘው ወጣት ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ እውነቱን ነገረኝ። የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሽቷል።

«ባክአፕ አልነበራችሁም?» አልኩት።

«ነበረን እንጂ ጋሼ! መስሎን ነበር» አለኝ።

ከሦስት ወር በፊት የባክአፕ ሶፍትዌሩን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳድጎታል። ጭነቱ ያለ ችግር አለቀ፤ አረንጓዴው ምልክት በራ፤ እሱም ወደ ቤቱ ሄደ። የሂሳብ መዝገቡ ያለበት ሰርቨር ግን አዲሱ ቨርዥን የማያውቀው አሮጌ ዊንዶውስ ነበረው። ፕሮግራሙ ሌሎቹን ማሽኖች በየሌሊቱ እየገለበጠ ያንን አንዱን ሲዘለው ከረመ። ስናወራ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች በካርቶን የተከመረ ደረሰኝ አንድ በአንድ እያነሱ እንደገና ይመዘግቡ ነበር።

ልጁን ለመውቀስ አንደበቴ አልታዘዘኝም። በየከተማችን የአይቲ ሰው ማለት ፕሪንተር የሚጠግን፣ ገመድ የሚዘረጋ፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ለማስነሳት የሚሮጥ አንድ ሰው ነው። «አሳድገው» የሚለው አለቃ መሞከሪያ የሚሆን ትርፍ ማሽንና ሁለት ቀን ጊዜ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ደግሞም ትልልቆቹም ተሰናክለዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ አንድ ባለሙያ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ያጠፋል። ወደ ባክአፑ ቢሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን፣ ቅጂ የሚወስደው መሣሪያ ግን የ9.2 ነበር። ሁለቱ ስላልተስማሙ ቅጂ መውሰዱ ሲከሽፍ ኖሯል። ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይል እንኳ በተቀባዩ በኩል ተቀባይነት እያጣ ስለሚመለስ ማንም አላየውም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ነው። የ6 ሰዓቱ ሥራ ግን ቀረ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለዓለም ተናገረ፤ እኛ ደግሞ ከሱ መማር ይገባናል።

ወልቂጤ አጠገብ አንዲት አክስት አሉኝ። ጓሯቸው ውስጥ የቆጮ ጉድጓድ አላቸው። አንድ ቀን ድንጋዩን አንስተው፣ የጠቆረውን ኮባ ገልጠው፣ ከመሃል ቆንጠር አድርገው ሲያሸቱ አየኋቸው። የበሰበሰውን ኮባ አውጥተው በእርጥብ ቀየሩት፤ ጠቅጥቀውም መለሱት። «እትዬ፣ ገና ለማይበላው ምን ያደክምዎታል?» ብላቸው፣ «ቀብሮ የማያይ ሰው ቆጮ አለኝ አይበል» አሉኝ። ስለ ባክአፕ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየትም አልሰማሁም።

ከማሳደግ በፊት የሚደረገው ማጣራት ብዙም ረቂቅ አይደለም። አምራቹ አዲሱ ቨርዥን ከየትኛው ዊንዶውስ፣ ከየትኛው ዳታቤዝና ከየትኛው ማከማቻ ጋር እንደሚሄድ ዝርዝር ያወጣል። ያንን ዝርዝር ይዞ የቢሮውን ማሽኖች አንድ በአንድ መቁጠር ነው፤ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰችውን ሳይረሱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 አቁሟል፤ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ቢሮ ግን ዛሬም አይጠፋም። ቀጥሎ የመመለሻውን መንገድ መጠየቅ ነው። በአዲሱ ኤስኪውኤል ሰርቨር የተወሰደ ቅጂ በአሮጌው ላይ አይመለስም። 8ኛው ትውልድ የኤልቲኦ ቴፕ ማንበቢያ 7ኛውን ያነባል፤ 6ኛውን አያነብም። ስለዚህ አዲሱ ቨርዥን የአምናውን ቅጂ መክፈቱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን ማጥፋት ድልድይ አፍርሶ መሻገር ነው።

ጊዜውም ይመረጥ። የመስቀል ሰሞን ጉራጌ ከያለበት አገሩ ሲገባ፣ ገንዘቡም ከሰውየው ቀድሞ ሲደርስ፣ ሰርቨር መነካካት ተገቢ አይደለም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር በአንድ ሌሊት ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት የምናስታውሰው ነው። እርግጥ ያ የባክአፕ ጉዳይ አልነበረም፤ በሚሠራ ሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን አሳይቶናል።

ቡታጅራ ደግሞ መዝገብ ምን ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ታውቃለች። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የከተማና በ9 የገጠር ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ ሲመዘግቡ ኖረዋል። በዚያ ዘመን ሁሉ ስንት ዓይነት ኮምፒውተርና ፕሮግራም ተለዋውጧል! የዚያ ዘመን ዲስክ ዛሬ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ኮምፒውተር ፈልጉ እስቲ። የአንድ ሕፃን ልደት ከ40 ዓመት በኋላ የሚነበበው በየመሸጋገሪያው «ይህ ነገር በአዲሱ ይከፈታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ነገ ቢሮ ስትገቡ አንድ ፋይል ምረጡ። ከባክአፑ አውጥታችሁ በሌላ ማሽን ላይ ክፈቱት። ካልተከፈተ አዲሱ ቨርዥን ይቆይ፤ መጀመሪያ ኮባው ይቀየር።