የምግብ ሥርዓት ግንባታ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው፦ ከአቀንጭራ ትግል የሚቀሰም ትምህርት

ኢትዮጵያና ጣሊያን በጋራ ያዘጋጁት ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት የምግብ ሥርዓት አፈጻጸም ግምገማ ጉባኤ ከሐምሌ 20 እስከ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መካሄዱ ይታወሳል። ከጉባኤው በኋላ ትኩረት የሚሻው ዐቢይ ጥያቄ፣ የተገቡት ቃሎች በማን እጅ ተግባራዊ ይሆናሉ የሚለው ነው። ዘላቂና ፍትሐዊ የምግብ ሥርዓት የሚገነባው ዘመናቸውን ለሙያው በሚሰጡ ባለሙያዎች ነውና።

ለዚህ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የሙያ ጉዞ ጥሩ ማሳያ ነው። በወሎንኮሚ የተወለዱት እኚህ ምሁር ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከቀድሞው የአለማያ ኮሌጅ ተመርቀዋል። ወደ ሱዳን ተልከው በሠሩበት ወቅትም ድርቅን የሚቋቋም ድቅል የማሽላ ዝርያ አዳብረው እ.ኤ.አ. በ1983 ለአርሶ አደሩ እንዲደርስ አድርገዋል።

ቀጣዩ ፈተና አቀንጭራ ነበር። ይህ ጥገኛ አረም ከማሽላ ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃና ንጥረ ምግብ ይመጠምጣል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያል። የሚበቅለው የአስተናጋጁ ሰብል ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ምስጢር በመረዳት፣ ኬሚካሉን በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችን አዳበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛው፣ አቀንጭራ የሚበረታው ለምነቱ በተሟጠጠ መሬት፣ ማዳበሪያ መግዛት በማይችል አነስተኛ አርሶ አደር ማሳ ላይ በመሆኑ፣ ችግሩ የፍትሐዊነትም ጥያቄ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዝርያው ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በታንዛኒያ የተሞከረው የተቀናጀ የመከላከያ ዘዴ ዝርያውን ከአፈር ለምነትና ከእርጥበት ጥበቃ ጋር ያስተሳሰረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለው ቅንጅት ማሳ ላይ የሚደርሰው በቀበሌ ደረጃ በሚገኘው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አማካይነት ነው። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሚመደቡት ባለሙያዎች የሥርዓቱ የመጨረሻ መዳረሻ ናቸው። ባለሙያው የአካባቢውን አፈርና ሕዝብ ባወቀ ማግስት ሥራውን ቢለቅ፣ የተሻሻለው ዘር በመጋዘን፣ ዕውቀቱም በወረቀት ይቀራል። ምክሩም ለአባወራው ብቻ ከተነገረ፣ በአረምና በዘር መረጣ ላይ ከፍተኛ ድርሻ ያላት ሴት አርሶ አደር ትዘለላለች።

ስለሆነም ወጣት ምሩቃንን ወደ ዘርፉ መሳብ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። የመኖሪያ ቤት፣ የመጓጓዣ፣ የደረጃ ዕድገትና የቀጣይ ትምህርት ዕድል ተሟልቶ ባለሙያው በሥራው እንዲጸና ማድረግ ይገባል። አንድ ዝርያ ለማዳበር ዓመታት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዝርያውን ማሳ ላይ ለሚያደርሰው ባለሙያም ተመጣጣኝ ትዕግሥትና መዋዕለ ንዋይ ሊመደብ ግድ ይላል።