«ምንም የለብሽም» አትበሏት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የዓይን ሕክምና ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝማ።

ሁለቱም ዓይኖቿ በድንገት ወደ አፍንጫዋ ተስበው፣ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ እየታያት የምትመጣ ወጣት አለች። ቤተሰብ «ቡዳ ነው» ይላል። ሐኪሙ ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ስድስተኛው ነርቭ ሽባ ሆኖ ይሆናል ብሎ ኤምአርአይ ያዛል። ውጤቱ ንጹሕ ሲሆን ምን ትባላለች? «ምንም የለብሽም፣ እያስመሰልሽ ነው።»

እኔ በዚህ አልስማማም። አለባት እንጂ! ኮንቨርጀንስ ስፓዝም ይባላል። ቅርብ ነገር ስናይ ሦስት ነገሮች አብረው ይሠራሉ፦ ዓይኖቻችን ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ሌንሱ ለቅርብ ይስተካከላል፣ ብሌኑ ይጠባል። ይሄ ሥራ ያለ ቦታው ተነሥቶ አልለቅ ሲል ነው ችግሩ። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ጭንቀት ወይም ድንጋጤ ይኖራል። ስንደነግጥ ልባችን ይመታል፣ ስንፈራ እጃችን ያልበዋል፤ ታዲያ ይሄም ማስመሰል ነው እንዴ?

ደግሞ ምልክት አለው። ወደ ጎን እንድታይ ንገሯትና ብሌኗን ተመልከቱ፤ ዓይኑ ወደ ውጭ አልሄድ ሲል ብሌኑም አብሮ ይጠባል። ከዚያ አንዱን ዓይን ሸፍኑት፤ ያ እምቢ ያለው ዓይን ብቻውን ሲሆን እስከ ጥግ ይሄዳል። ሽባ የሆነ ነርቭ እንዲህ አያደርግም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5ም፣ እንዲህ ላለው ሕመም የግድ የጭንቀት ታሪክ ይገኝ አይልም፤ በምርመራ የሚታይ ምልክት ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ምልክቱን ለራሷም አሳዩአት። «ነርቭሽ ደህና ነው፣ ሕመምሽም እውነት ነው፣ ይመለሳል» በሏት። ይህ ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው። ጠብታ ወይም መነጽር የሚረዳቸው አሉ፤ የሥነ ልቦና ክትትል የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ጸበል ልሂድ ካለች ትሂድ፣ ክትትሉን ግን አታቋርጥ።

ይሄ ማለት ግን ሁሉንም «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት አይደለም። የዓይን ቆብ ከወረደ፣ ብሌን ከሰፋ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካለ ያለ ቀጠሮ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል!

«ምንም የለብሽም» የተባለች ልጅ የምትድን እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ኤምአርአይ፣ ሌላ ብድር ነው የሚጠብቃት። እናንተስ ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የታካሚ ስም ግን አደራ!