«ጎመን በጤና» - አስቤዛው ሲያጥር ማዕዱ እንዳይጎድል



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የምንወያየው በየቤቱ ስለሚነሳ፣ ነገር ግን ብዙዎቻችን በሰው ፊት ለመናገር ስለምንሸማቀቅበት ጉዳይ ነው። ወሩ ሳይጋመስ የአስቤዛው ገንዘብ ያልቃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዘንቢል ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ይህንን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

ገንዘቡ ሲያጥር አንዲት የቤት እመቤት መጀመሪያ የምትቀንሰው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሽሮው ላይ ውኃ ትጨምራለች፤ ምስሩን ትተዋለች፤ ለልጇ ትገዛው የነበረውን እንቁላል ታስቀራለች። ሻይና ስኳር ግን ይቀጥላል፤ ሻይ በዳቦ ለጊዜው ሆድ ይይዛልና። የዚህን ውጤት እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ እናየዋለን። ጠዋት በትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በመድረሳ፣ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ የሚውል ልጅ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም። ደም ያነሰው ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፤ የሰማውንም ለመያዝ ይቸገራል። ይህን ልጅ በአለንጋ ልናነቃው አንችልም።

እንግዲህ ጥያቄው «የትኛው ነው ርካሹ?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። «በያዝናት ጥቂት ገንዘብ ሰውነትን የሚገነባውን አስቀድመን እንዴት እንግዛ?» የሚል ሊሆን ይገባዋል። አበው «ጎመን በጤና» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

1ኛ. እህልና ጥራጥሬን አለመለየት

ሰውነታችን ጡንቻንና ደምን የሚሠራው በፕሮቲን ነው። የጤፍ፣ የስንዴ፣ የበቆሎና የማሽላ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን የተባለው ያንሳቸዋል። ሁለቱ በአንድ ቀን ማዕድ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። እንጀራ በሽሮ፣ ቂጣ በምስር፣ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ፤ እናቶቻችን የንጥረ ነገሩን ስም ሳይሰሙ ያቆዩልን ምግቦች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። እንደ መነሻ ሁለት እጅ እህል ካለ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይኑር።

100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። ይህም በተመሳሳይ ክብደት ካለው ጥሬ ቀይ ሥጋ የማያንስ ነው። ይሁን እንጂ ምስር ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ወጡ ወፈር ይበል። ሳህን ላይ ቀይ ውኃ አፍስሶ «ሽሮ በላን» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሽምብራና ባቄላ ሲቀቀሉ ከሰል ይፈጃሉ የሚሉ እህቶች እውነት አላቸው። መፍትሔው ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል ነው። ቶሎ ይበስላል፤ የሆድ መነፋትም ይቀንሳል። ጤፍ ብቻውን የማይቻል ሲሆን ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር ቀላቅሎ መጋገር ነውር የለውም። ሊጡ ግን በሚገባ ይቡካ። መቡካቱ በእህል ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋልና።

2ኛ. ከጎመን ጋር ሎሚ፣ ከምግብ በኋላ ሻይ አለማስቸኮል

ጎመን ከጉልት በትንሽ ገንዘብ ከሚገኙት ሁሉ ብዙ የሚሰጥ ምግብ ነው። ቪታሚን ኤ፣ ቪታሚን ሲ እና ካልሲየም አለው። ሆኖም ቀቅሎ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ጥቅሙን አብሮ መድፋት ነው። አስቀድሞ አጥቦ መክተፍ፣ በጥቂት ውኃና በጥቂት ዘይት ለአጭር ጊዜ ማብሰል ይበቃል። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሰውነታችን ከጎመንና ከካሮት የሚገኘውን ቪታሚን ኤ ያለ ቅባት በሚገባ መውሰድ አይችልም።

በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ከምግቡ ጋር ሎሚ ብንጨምቅበት፣ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ብናቀርብ ግን የሚገባው መጠን ይጨምራል። በተቃራኒው ምግቡን ተከትሎ የሚጠጣ ሻይና ቡና ማዕድኑን አስሮ ያስቀረዋል። ከበላን በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ብንታገሥ፣ ምንም ሳንገዛ ከገዛነው ምግብ የበለጠ ጥቅም እናገኛለን። በተለይ ነፍሰ ጡር እህቶች ይህንን ያስተውሉ።

3ኛ. ስኳሩን በሒሳብ መመልከት

አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቢጠጣና በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር በቀን 30 ማንኪያ ይሆናል። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ቢመዝን በቀን 120 ግራም፣ በወር ደግሞ 3 ኪሎ ከ600 ግራም ማለት ነው። ይህን በግማሽ ብንቀንሰው በየወሩ የ1 ኪሎ ከ800 ግራም ስኳር ዋጋ እጃችን ላይ ይቀራል። ስኳር ከጉልበት በቀር ለሰውነት የሚጨምረው ነገር የለም፤ በዚያ ገንዘብ የሚገዛ ምስር ወይም እንቁላል ግን ልጅ ያሳድጋል። በአንድ ጊዜ መቀነስ ከከበደ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ይቻላል፤ ምላስ ይለምዳል። ለእንግዳ የሚገዛውን ለስላሳም በዚሁ ሚዛን እንመልከተው። እንግዳ አክባሪነት በጠርሙስ አይለካም።

4ኛ. ርካሽ የሚመስለውን መለየት

የሻገተ በቆሎ፣ የሻገተ ኦቾሎኒ ወይም የሻገተ በርበሬ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡን እንኳ አንግዛ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መርዙም በመቀቀልም ሆነ በመቁላት አይጠፋም። ጨውም እንዲሁ ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። አዮዲን ማጣት ዕንቅርት ከማስከተሉም በላይ በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ስለሆነም አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ጨው ገዝተን፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑረን፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምረው።

ሥጋ በወር አንድ ቀን ብቻ የሚገባበት ቤት ጥቂቱን ማብዛት ይችላል። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለብቻው ተጠብሶ በአንድ ምሽት ያልቃል። ደቆ በሽሮ ውስጥ ቦዘና ሆኖ ቢሠራ ወይም ከድንችና ከካሮት ጋር ቢወጠወጥ ግን ከአንድ ቀን በላይ ቤተሰቡን ያዳርሳል። ለቀን ማዕድ መነሻ ይሆን ዘንድም እነሆ፦ ለቁርስ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ወይም በሶ፤ ለምሳ እንጀራ በወፍራም ሽሮ ከጥሬ ቃሪያ ጋር፤ ለእራት ጎመን በድንች ከጥቂት ምስር ጋር። ከስኳሩ በተረፈው ደግሞ ለልጆቹ በሳምንት ጥቂት እንቁላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው።

5ኛ. ድርሻው ለማን ይድረስ?

በብዙ ቤቶች እናት የምትበላው በመጨረሻ ነው፤ የተረፈውን። ይህ ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከወትሮው የበለጠ ምግብ ያስፈልጋታል፤ እርሷ ስትጎዳ ሁለት ሰው ይጎዳል። ድስቱ ሲወጣ የእርሷ ድርሻ አስቀድሞ ይቀመጥ።

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመርለታል። ቀጭን አጥሚት የልጁን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላል እንጂ አያሳድገውም። ሁለት እጅ የእህል ዱቄት፣ አንድ እጅ የተቆላ የሽምብራ ወይም የምስር ዱቄት፣ ከላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት ገንፎ ይሠራለት። ውፍረቱን ለማወቅ ማንኪያውን ዘቅዝቁት፤ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ገና ቀጭን ነው። ልጁ እየከሳ ከሄደ ወይም እግሩ ካበጠ ግን የአስቤዛ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ወንድሞች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። የቤተሰብ ነፈቃ ግዴታ ነው፤ ለእህቶች የሚደረግ ችሮታ አይደለም። የጫት ገንዘብ በየቀኑ ሳይጎድል የአስቤዛው ገንዘብ ብቻ የሚጎድልበት ቤት ችግሩ የገበያው ብቻ አይደለም። ከሱቅ በጣሳና በፌስታል በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ደግሞ በድምሩ ውድ ነው። የቀን ሠራተኛ የሆነ አባወራ አንድ ኩንታል ማሽላ ብቻውን መግዛት አይችልም፤ አራት ጎረቤቶች በየሳምንቱ እንደ ዕቁብ አዋጥተው ግን አንዱን ኩንታል 25 25 ኪሎ ሊካፈሉት ይችላሉ። ከሸማቾች ማኅበርም ሆነ ከእህል በረንዳ አንድ ሰው ተልኮ ለሁሉም ያምጣ። ሽምብራውንም አንድ ላይ ለቅሞና ቆልቶ ማስፈጨት የተቀላቀለ ዱቄት ከመግዛት ያድናል።

በረመዷን ወቅት የየቤቱ ወጪ ከሌላው ወር ሲበልጥ እናያለን። በጾም ወር ለምግብ የሚወጣው መጨመሩ ቆም ብለን እንድናስብ ያደርጋል። ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ በየምሽቱ ከሚቀርብ ይልቅ የአጃና የምስር ሾርባ ረኃብን ያስታግሣል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ተርፎ የሚደፋው ምግብ ደግሞ ኢስራፍ ነው፤ ይህም በዲናችን የተወገዘ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በመጨረሻም አንድ እውነት አንደብቅ። ብልሃት ገንዘብን አይተካም። ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ የሚጠቅመው ጥቂትም ቢሆን ለያዘ ሰው ነው። ምድጃዋ ጨርሶ የቀዘቀዘባትን እናት «ስኳር ቀንሺ፣ ጎመን አብስይ» ብሎ መምከር ስድብ ይሆንባታል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ምክር ሳይሆን ምስር ነው። ዘካተል ፊጥር ከዋና ምግብ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ የጎረቤት ሐቅ የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብበው በወሩ መጨረሻ ጥቂት የተረፋቸው እህቶች አንድ ጣሳ ሽሮ ወደ ጎን ያኑሩ። ሲሰጡም በማታ፣ ልጆች ሳያዩ፣ የተቀባይዋን ክብር ጠብቀው ይስጡ።

አላህ (ሱ.ወ) ሲሳያችንን ያስፋልን፤ በያዝነው ላይም በረካ ያድርግልን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።