ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ወሬ

ስለ ልጆች አስተዳደግ በምንጽፍበት ጊዜ ነገራችን አብዛኛውን ወላጅ ለልጁ ሊነግረው ስለሚገባው ምክር ነው። ዛሬ ግን ልጅ ለወላጁ ስለሚነግረው ወሬ ልንጽፍ ወደድን። ለዚህም ምሳሌ አድርገን የወሰድነው በባሌ ደጋ፥ ይኸውም በሮቤና በጎባ፥ በሲናናና በዲንሾ ዙሪያ የሚገኙትን ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ነው። ሌላውን አገር ትተን ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው ፊደል፥ ሁለተኛው አዝመራ ነው፤ ሁለቱንም በየቦታቸው እንገልጻለን።

ጎባ ቀድሞ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ ከእርሷ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሮቤ ናት። አገሩ ከፍተኛ ነው፤ ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ስለዚህም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነው። በዚህ ብርድ ከሩቅ መንደር በእግሩ የሚመጣ ልጅ ከክፍሉ ገብቶ የመጀመሪያዋን መስመር የሚጽፈው ጣቶቹን እፍ እፍ እያለ ነው። የትንሽ ትምህርት ቤት ደወል ብዙ ጊዜ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ እርሱም በብረት ሲመታ ድምፁ ማዶ ለማዶ ይሰማል። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፥ መዝሙር ይዘመራል፥ ስም ይጠራል፤ ትምህርቱም ይጀመራል።

በዛሬ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ «ሚኒ ሚዲያ» የሚሉት ነገር አለ። ይኸውም አንድ ማይክራፎንና አንድ ድምፅ ማጉያ የተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ሲሆን፥ በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ ራሳቸው ዜና ያነቡበታል፤ ግጥም ያሰሙበታል፤ እንቆቅልሽ ይጠያየቁበታል፤ የጠፋ ደብተር ያስነግሩበታል። ማይክራፎን ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ይህንኑ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ያለ ማጉያ ያደርገዋል። የሚነበበው ዜና ምንድር ነው? የአራተኛ ክፍል ቡድን በኳስ አምስተኛን አሸነፈ፤ በግቢው የተተከሉት ችግኞች ውሃ የሚጠጡበት ተራ የዚህ ክፍል ነው፤ ነገ የንጽሕና ቀን ስለ ሆነ ጥፍር ይቆረጥ። ለትልቅ ሰው ይህ ወሬ አይመስለውም። ዜናውን ለሚያነበው ልጅ ግን በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ የተጻፈ ነገር ሲያነብ ምናልባት ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ከአግዳሚው ወንበር ላይም የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ዜና ይሰማሉ፤ የጓደኛቸው ጾም መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚፈታ የሚያውቁትም ከዚያው ነው።

ከዚህ በኋላ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም የምንጽፈው ስለዚህች ሰዓት ነው። ብዙ ወላጅ ስለ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ካርድ በሚሰጥበት ቀን ብቻ ነው፤ ጥያቄውም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። በቀረው ጊዜ ልጁ ወሬውን ይዞ ይገባል፤ ጥጃ እሰር፥ ውሃ ቅዳ ይባላል፤ ወሬውም በአፉ ላይ ይቀራል። ነገሩ የሚያስገርመው ብዙዎቹን የገጠር ትምህርት ቤቶች ያቆማቸው ይኸው ወላጅ በመሆኑ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ሲሠሩ የአገሬው ሰው ገንዘብ አዋጥቷል፤ ዛሬም ተጨማሪ ክፍል ሲያስፈልግ እንጨት የሚያቀርበው፥ ድንጋይ የሚያወጣው፥ ጭቃ የሚያቦካው እርሱ ነው። ለግድግዳው ይህን ያህል የደከመ ሰው ከግድግዳው ውስጥ የሚሠራውን ሳይጠይቅ መኖሩ ለእኛ የማይገባ ነገር ነው።

የልጅ ወሬ ቤት የሚጠቅምበት ጊዜ እንዳለ ከባሌ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከጎባ በላይ ባለው በሰነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከታወቀባቸው ሀብቶቹ አንዱ ይኸው አውሬ ነው። ቀበሮውን በብዛት የፈጀው ግን ጥይት አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ግድም በዌብ ሸለቆ የደረሰው እልቂት እጅግ ከባድ ነበር። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ በዚያ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን ከማስከተቡ በላይ በፓርኩ ዙሪያ ወዳሉት ትምህርት ቤቶች እየሄደ ልጆችን ያስተምራል። ውሻውን የሚያስረውና የሚያስከትበው አባት ነውና፥ ነገሩን ለአባት የሚያደርሰው ልጅ ነው። በሽታው ሰውንም የሚገድል ስለ ሆነ፥ ይህን የልጅ ወሬ የሰማ ቤት ከቀበሮው ይልቅ ራሱን ጠቀመ።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ፤ እርሱም ንባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተሰማ ጊዜ አገር ሁሉ ደነገጠ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው በሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላይ ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የተፈተነ ልጅ፥ ክፍል ሳይደግም ከመጣ፥ በ2004 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ነበረ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፥ በ2002 ዓ.ም.፥ በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተመርምሮ ነበር፤ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በገዛ ቋንቋቸው ከተጻፈላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንግዲህ ጉድጓዱ የተቆፈረው ከታች፥ ልጁ ገና ጣቱን እፍ በሚልበት ክፍል ውስጥ ነው።

የባሌ ደጋ ኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ በዚህ ረገድ የተለየ ጭነት አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ስላዘዘ፥ በሮቤና በጎባ አብዛኛው ልጅ በትምህርት ቤት የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጽፈውም ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ የኔታ ሀሁ ያስቆጥሩታል፤ አቡጊዳን ያስጠኑታል፤ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን ያስነብቡታል። አማርኛንም እንደ አንድ ትምህርት ይማራል። ሁለት ዓይነት ፊደል፥ ሦስት ቋንቋ! አንዳንድ ወላጅ ይህን አይቶ «ልጄ ግራ ተጋባ» ይላል፤ ሌላውም በአንደኛው ፊደል ደስ ሳይለው ይቀርና ልጁ በዚያ ፊደል ሲያነብ ጆሮውን ይነሣዋል። እኛ ይህን ሁለተኛውን ከስንፍና የከፋ አድርገን እናየዋለን።

ሁለቱም ፊደል የየራሱ ምክንያት አለው። በአፋን ኦሮሞ መሬት የሚለውን ቃል ለስላሳ ከሚለው ቃል የሚለየው የአናባቢው መርዘምና ማጠር ነው፤ ቁቤ ይህን አናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ያሳያል፤ የሚጠብቀውንም ድምፅ እንደዚሁ ይደግማል። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ለአንባቢው ማስተዋል ይተወዋል፤ በዚህ ፈንታ ግን አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ፥ ሰባቱን ቤት ያወቀ ልጅ ቃሉን ፈጥኖ ያነሣል። ፊደልን ከፊደል ማጣላት የልጁን ጭነት አያቀልለትም።

የሚያቀልለት የሚሰማው ሰው ማግኘት ነው። አያሌ የባሌ አያቶች ማንበብ የተማሩት ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያን ጊዜ አፋን ኦሮሞ ይጻፍ የነበረው በግዕዝ ፊደል ነበርና፥ አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል ያነቡታል። አያት የልጁን መጽሐፍ ብታይ ምልክቱን አታውቀውም። ይሁን እንጂ ቋንቋውን ከልጁ አብልጣ ታውቀዋለች። ልጁ ቃሉን ቢሰብረው፥ ያጠረውን ቢያስረዝመው፥ ታሪኩን ቢዘልለው ጆሮዋ ያውቃል። ዓይናቸው የደከመ የኔታም ቢሆኑ መጽሐፉን ሳያዩ «መልስ!» ብለው ልጁን የሚያርሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ይህ ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን ከራት በፊት ዐሥር ደቂቃ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ፤ ምን እንደሚል ደግሞ በቃልህ ንገረኝ» ቢለው፥ መምህሩ ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ሊሠራው የማይችለውን ሠራለት ማለት ነው። ልጁ አንብቦ ታሪኩን መናገር ካልቻለ፥ ምልክቱን ጠራ እንጂ አላነበበም፤ በማግሥቱ ይህን ለመምህሩ መንገር ይገባል።

ሁለተኛው ነገር አዝመራ ነው። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። አንደኛው ወቅት ገና ይባላል፤ በመጋቢት ግድም ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይሰበሰባል። ሁለተኛው ቦና ይባላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል። (ቃሎቹ የአፋን ኦሮሞ ናቸው። የሮቤ ልጅ እንግዲህ ሦስት ገና ያውቃል፤ የጌታን ልደት፥ «ጊዜው ገና ነው» የምንለውን፥ ይህንንም የእርሻ ወቅት። በእኛ ፊደል ሦስቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ።) የትምህርት ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ ነውና፥ የገና አዝመራ አጨዳ ከክረምቱ ዕረፍት ጋር ስለሚገጥም ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። የቦና አጨዳና ውቂያ ግን የሚወድቀው ልክ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና በሚደርስበት ጊዜ ነው። በዚህ ሰሞን ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለው ያንሳል። ወንዱ ከብት ጠባቂ፥ ሴቷ ሕፃን አዛይና ምግብ አድራሽ ሆነው ይቀራሉ።

ወላጅን ያለ ምክንያት መውቀስ አንፈልግም፤ እህል በሜዳ ላይ ሳለ ዝናም ቢመጣ የዓመት ድካም ይጠፋል። ነገር ግን በሲናናና በአጋርፋ ሜዳ ስንዴውን የሚያጭደውም የሚወቃውም ኮምባይነር ከሆነ ብዙ ዘመን ነው፤ ኮምባይነር ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እጅ አያስፈልገውም። በእጅ የሚታጨደው ገብስና ባቄላ ባለበት ተረተር እንኳ ቅዳሜ አለ፥ ከሰዓት በኋላም አለ። ሌላው ቀን የሚጠፋበት መንገድ የገበያ ቀን ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚቀር ልጅ በአርባ ሳምንት ውስጥ አርባ ቀን ቀረ፤ ይህም ስምንት ሙሉ የትምህርት ሳምንት ነው። በአርባ ቀን ውስጥ የአንደኛ ክፍል ልጅ ስንት ፊደል ይማራል? ወርኃዊ በዓላትን በተመለከተም፥ እርሻ በማይታረስበት ቀን ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ሥራ በቤት ውስጥ እንደሌለ ማስተዋል መልካም ነው፤ ቅዳሴ የሚሰማ ልጅ ቢያረፍድ እንኳ ለመምህሩ አስቀድሞ ቢነገር የሚከለክል የለም።

የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ከፈተናው በኋላ ይሰጣል። በካርዱ ላይ የትምህርቱ ዓይነትና ነጥቡ፥ አማካዩና ደረጃው ተጽፎ፥ ከበታቹ ልጁ የቀረበትን ቀን የሚያሳይ ትንሽ ሣጥን ይገኛል። ከደረጃው በፊት ያን ሣጥን እንድትመለከቱ፥ የትኞቹም ቀኖች እንደ ሆኑ ከልጁ ጋር እንድትቆጥሩ እንመክራለን። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራም አባት ብቻውን አይሂድ፤ ማታ ማታ ልጁ ሲያነብ የሰማችው እናት ወይም አያት ብትሆን፥ የምትናገረው ነገር ያላት እርሷ ናትና አብራ ትሂድ። መጋቢት ሲገባ የገና እርሻ ዘር ይጀመራል፤ ስለዚህ ከመምህራኑ ጋር ስለ ቀኖቹ ለመነጋገር ጊዜው የካቲት ነው።