ልደት ያለ ዘመድ፣ ዕረፍት ያለ አገር እንዳይሆን



እነሆ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ስንጾመው የሰነበትነው ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረው የገና በዓል ደርሷል። በየቤቱ ድፎው ይደፋል፤ ዶሮው ይሠራል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ልጆችም አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ይቦርቃሉ። በዓሉ የልደት በዓል እንደ መሆኑ መጠን፣ በዚህ ዕለት ስለ ልደት መነጋገር የተገባ ነው። ስለሆነም ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ በየቤታችን ስለምናከብረው የልጆቻችን ልደትና ከልጆቻችን ጋር ስለምናደርገው የዕረፍት ጉዞ ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች ቢመስሉም፣ ጠጋ ብሎ ለተመለከታቸው አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይኸውም ልጆቻችን ከማንና ከየት እንደ ተገኙ ያውቃሉን? የሚል ነው።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ እንደ ጻፈው፣ ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የወጣው ሰው ሁሉ በየአባቶቹ ከተማ እንዲቆጠር ትእዛዝ በመውጣቱ ነበር። ዮሴፍ ከዳዊት ወገን ነበርና ወደ ዳዊት ከተማ ሄደ። እንግዲህ ዛሬ የምናከብረው ልደት የተፈጸመው ቤተሰብ በመንገድ ላይ ሳለ፣ በአባቶች አገር መሆኑን ልብ ይሏል። ይኸው ወንጌላዊ፣ ሕፃኑ 12 ዓመት በሞላው ጊዜ ወላጆቹ እንደ ልማዳቸው ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት እንደ ወጡና ሲመለሱ እርሱ በዚያ እንደ ቀረ ይነግረናል። የአንድ ቀን መንገድ እስኪሄዱ ድረስ ያልደነገጡት ከመንገደኞቹ ጋር ያለ ስለ መሰላቸው ነው፤ ቀድመው የፈለጉትም በዘመዶቻቸውና በሚያውቋቸው ሰዎች መካከል ነበር። በዚያ ዘመን ልጅ በዘመድ መካከል ካለ እንደ ጠፋ አይቆጠርም ነበር ማለት ነው። በእኛ ዘመን ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። ልጆቻችን ከዓይናችን ባይርቁም፣ ከዘመዶቻቸው መካከል ጠፍተዋል።

የልጅን ልደት በየዓመቱ ማክበር የባዕድ ልማድ ነው፣ ከናካቴው መቅረት አለበት የሚሉ ወገኖች አሉ። ለዚህም ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ምስክር ያቀርባሉ። አንዱ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው፣ የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ የተሰቀለበት የፈርዖን የልደት ግብዣ ነው፤ ሌላው መጥምቁ ዮሐንስ አንገቱን የተቆረጠበት የሄሮድስ ልደት ነው። ምስክርነቱ እውነት ነው፤ ይሁንና ቀኑን አይከስም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም የእመቤታችንን ልደት ግንቦት 1 ቀን፣ የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት ሰኔ 30 ቀን፣ የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ልደት ታኅሣሥ 24 ቀን ታከብራለች። የሄሮድስ በደል የተወለደበትን ቀን ማሰቡ አይደለም። በተጋባዦቹ ፊት ትልቅ ሆኖ ለመታየት ሲል ቃል የማይገባበትን ነገር ቃል መግባቱና፣ በእንግዶቹ ላለማፈር ሲል የጻድቁን ሰው ደም ማፍሰሱ ነው። እንግዲህ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከልደቱ ሳይሆን ከይታይልኝ ነው።

ወላጆቻችን የተወለዱበትን ቀን የሚያውቁት በበዓልና በወቅት ነበር። እገሌ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው፤ እገሊት የመጣችው ገብስ ሲታጨድ ነው ይባል ነበር። ልጅ ሲወለድ ጎረቤት በእልልታ ይሰበሰባል፤ አራሷን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል፤ ገንፎ ተገንፍቶ በአንድነት ይበላል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ሕፃኑ የክርስትና ስምን፣ የክርስትና አባትን ወይም እናትን ያገኛል። ዓመት እየቆጠሩ ሻማ ማብራት ባይኖርም፣ ልጁ የብዙ ሰው ልጅ መሆኑ በዚያ ቀን ይረጋገጣል።

ዛሬ የልደት ቀን በሰነድ ይሰፍራል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ ጀምረዋል። ይህም ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባም ሆነ መብቱን ሲያስከብር የሚጠቅመው በመሆኑ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀት የልጁን ቀን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም እንጂ፣ በተወለደ ጊዜ አያቱ እንዴት እንደ መረቁት አይጽፍም። ይህን የሚነግረው ሰው ነው።

የከተማ ልደት ግን ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄዷል። ቤት ውስጥ በዳቦና በቡና ይከበር የነበረው፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ፎቶ አንሺና ቪዲዮ ቀራጭ ተጠርቶ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ታዞ የሚከበር ሆኗል። አንዱ ወላጅ ያደረገውን ሌላው ላለማሳነስ ሲል ይበደራል። ስጦታ መግዣ ያጣች እናት፣ ልጇ ታሞብኛል ብላ ቤት ታስቀረዋለች። በጾም ወራት የተወለደ ልጅ ካለም፣ በእንቁላልና በቅቤ የተሠራው ኬክ ለሕፃናቱ ሲቆረስ፣ ጾም የጀመሩት ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች በአንድ በኩል ቆመው ይመለከታሉ። ይህ ሁሉ ለማን ደስታ ነው? ብሎ መጠየቅ የሚገባ ይመስለናል።

ሌላውን ለመውቀስ ብቻ እንዳልተነሣን ለማሳየት፣ በራሳችን ቤት የደረሰውን እንናገር። ልጃችን የተወለደው በጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ ጥቅምት 27 ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ የጓደኞቹ ልደት በአዳራሽ ሲከበር አይቶ ነበርና፣ እኛም እንደ ሰዉ ለመሆን አዳራሽ ተከራየን። ያወጣነው ገንዘብ በዚያው ዓመት ለገና ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ ወዳለው የትውልድ መንደራችን ልንሄድበት ያጠራቀምነው ነበር። የልጁ አያት ለክርስትናው መጥተው በእቅፋቸው ከያዙት ወዲህ አላዩትም። «ለገና አምጡልኝ፤ ዓይኔ ሳይደክም በእግሩ ሲሄድ ልየው» ብለው ልከውብን ነበር። እኛም ለፋሲካ እንመጣለን ስንል መለስንላቸው።

ፋሲካ ከመድረሱ በፊት፣ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገባ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሰው ዝውውር ተገደበ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው ደብረ ብርሃን የባሕር ማዶ ያህል ራቀብን። መንገዱ ተከፍቶ፣ እኛም ገንዘብ አጠራቅመን ከመንደሩ የደረስነው ለ2013 ዓ.ም. ገና ነው። እናታችን ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጁ ሮጦ ወደ እርሳቸው ሲሄድ ግን እጃቸውን የዘረጉት ድምፁ ወደ መጣበት እንጂ ወደ እርሱ አልነበረም። ዓይናቸው ደክሞ ኖሯል። ፊቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ «ግንባሩ የአያቱ ነው» አሉ። እኛ የምንለው ቃል አጣን።

ማታ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ልጁ ሰባት ዓመት እንደ ሞላው ሲነግራቸው፣ «አውቃለሁ፤ በመድኃኔ ዓለም ዕለት ነው» አሉት። ለካስ ከተወለደ ጀምሮ በየዓመቱ ጥቅምት 27 ቀን ዳቦ ጋግረው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየወሰዱ በክርስትና ስሙ ለነዳያን ይሰጡ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም አንዲት የጎረቤት ልጅ እጃቸውን ይዛ ታደርሳቸው ነበር። ልጁ ተገርሞ፣ «እማማ፣ እኔ ሳልኖር ልደቴን ያከብራሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «አንተ ባትኖርም ቀንህ አለ፤ ቀንህን ባዶውን አላሳልፈውም፣ አባቴ» ሲሉ መለሱለት።

እናታችን በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጁ ስለዚያ አዳራሽ ዛሬ የሚያስታውሰው እጅግ ጥቂት ነው። የአያቱን መዳፍ፣ የምድጃውን ጭስ፣ በማግሥቱ የበላውን በሶና ያባረረውን ጥጃ ግን አልረሳም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቅምት 27 ቀን ዳቦውን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሄደው እርሱ ነው።

ወደ ዘመድ የሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ለአገራችን ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። የጉራጌ ወገኖቻችን ዓመቱን ሙሉ በከተማ ሲደክሙ ቆይተው ለመስቀል በዓል ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ትውልድ ቀያቸው መሄዳቸው የታወቀ ነው። በዚያ ሽማግሌው ይመርቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ከተማ የተወለደው ልጅ የአያቱን ጓሮና እንሰት ያያል። ወደ ላሊበላም ምእመናን ለገና በእግራቸው ሳይቀር ብዙ ቀን ተጉዘው ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት በዚያ ደብር፣ ዕለቱ ድርብ ልደት ነው፤ ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላም ታኅሣሥ 29 ቀን እንደ ተወለደ ይታመናልና። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ በዓለቱ ጫፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ ያየ ሕፃን፣ ልደት ማለት ምን እንደ ሆነ በቃል ሳይነገረው ይገባዋል።

ይህን ስንል ልጆችን ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወስዶ ማዝናናትን መንቀፋችን አይደለም። ልጅ ውኃም ዛፍም ሊያይ ይገባዋል። ነገር ግን ሐይቁ በከርሞውም ዓመት በስፍራው ይገኛል፤ አያት ግን ሁልጊዜ አትገኝም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለመምረጥ አቅማችን የሚያስገድደን ከሆነ፣ የትኛው መቅደም እንዳለበት አያከራክርም።

እርግጥ ነው፣ መንገዱ ለሁሉም እኩል የተመቸ አይደለም። በጸጥታ ችግር ወደ ትውልድ ቀያቸው መሄድ ያልቻሉ፣ ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ያጡ፣ ዘመዶቻቸው በባሕር ማዶ የተበተኑባቸው ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ ሂዱ ማለት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይሆናል። ሆኖም እነርሱም ቢሆኑ የሚያደርጉት አያጡም። አረጋዊ እናትን ወይም አባትን ወደ ከተማ አምጥቶ ከልጆች ጋር ማሰንበት ይቻላል። ይህም ካልሆነ ልጁ በስልክ አያቱን እንኳን አደረሰዎ ብሎ እንዲመረቅ፣ አያቱም የአባቱን የልጅነት ታሪክ እንዲነግሩት ማድረግ ይቻላል። የስልክ ምርቃትም ምርቃት ነው። በየሰፈራችንም ልጅ የሌላቸው ወይም ልጆቻቸው የራቋቸው አረጋውያን አሉ፤ በገና ዕለት ከልጅ እጅ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቢቀበሉ በዓሉ ለሁለቱም በዓል ይሆናል።

የልጆቻችንን ልደት በሚመለከትም፣ ከባድ ሥርዓት ለማውጣት ሳይሆን በየቤቱ ሊደረግ የሚችለውን ለማመልከት ያህል ጥቂት እንበል። ቀኑ በጸሎትና በቤተ ክርስቲያን ቢጀመር፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ሳይጠሩ ባይከበር፤ ድፎው በታላቅ ሰው ተባርኮ ቢቆረስ መልካም ነው። ዕለቱ በጾም ላይ ቢውል የጾም ዳቦ ማቅረብ ወይም ድግሱን እስከ ፍስክ ማቆየት ቀላል ነገር ነው። ለልጁም ስጦታ እንዲቀበል ብቻ ሳይሆን፣ ከእጁ ለሌላ እንዲሰጥ ማስተማር ይገባል። ኬክ መቁረስ ኃጢአት ነው አንልም፤ ቁራሹ ለደጅ ሳይተርፍ ሲቀር ግን ያሳስበናል። ከሁሉም በላይ፣ ለአንድ ቀን አዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ ስንት ሰው ከአያቱ ቤት ሊያደርስ እንደሚችል ወላጆች ከማውጣታቸው በፊት ቁጭ ብለው ቢያሰሉት፣ ስሌቱ ራሱ ምክር ይሆናቸዋል።

እኛ ለፋሲካ እንመጣለን ብለን የሰጠነው ቀጠሮ ዛሬም ይቆጨናል። ዓይን የሚጠብቀው እስከ ወሰነለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ የገና በዓል ከምርቃቱ በኋላ፣ ማዕዱ ሳይነሣ፣ ዘንድሮ ልጆቻችንን ወደ ማን እንውሰዳቸው? የሚለውን ጥያቄ በየቤታችን እናንሣ። መልሱ ከተገኘም ለሌላ በዓል አናሳድረው።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የመተያየት ይሁንልን። መልካም የልደት በዓል!