ቤቱ የራስ፣ መሬቱ የሰው

በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ በምናደርገው ክርክር፣ የመኖሪያ ቤት ችግር የሚወገደው ቤት በፋብሪካ በብዛትና በርካሽ ሲመረት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። ለአስረጂነትም አሜሪካን ይጠቅሳሉ። በዚያ አገር አያሌ ጡረተኞች በፋብሪካ ተሠርቶ በከባድ መኪና ተጎትቶ በመጣ ቤት ውስጥ በዝቅተኛ ወጪ ይኖራሉ ይሉናል። የተናገሩት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ስለ ተናገሩ፣ የቀረውን ግማሽ እኛ ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን።

በቅድሚያ የጉዳዩን ሥረ መሠረት እንመልከት። እነዚህ ቤቶች በፋብሪካ ውስጥ በብረት ተሸካሚ ላይ ተገጣጥመው ካለቁ በኋላ ወደሚቆሙበት ቦታ ይወሰዳሉ። ሕዝቡ ቀድሞ «ሞባይል ሆም»፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ቤት ይላቸው ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ባወጣው አንድ ወጥ ደንብ መሠረት ይሠራሉ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። በካሬ ጫማ ሲሰላ ዋጋቸው በቦታው ላይ ከሚገነባው ቤት ግማሽ ያህል ነው። በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች የተከለሉ እንዲህ ያሉ መንደሮች ብዙ ናቸው። መንደሩ በዚህ ስም እንዲጠራ፣ ሰው ከሚኖርባቸው 100 ቤቶች ቢያንስ በ80ዎቹ ውስጥ ዕድሜው 55 የሞላ አንድ ሰው መኖር እንዳለበት ሕጉ ያዛል።

እስከዚህ ድረስ ጓደኞቻችን ትክክል ናቸው። ጡረተኛው የቀድሞ ቤቱን ሸጦ፣ ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ይህን ቤት ገዝቶ፣ ያለ ዕዳ ዕድሜውን ሊጨርስ ይገባል። ነገር ግን በአብዛኞቹ መንደሮች የገዛው ቤቱን ብቻ ነው። ቤቱ ያረፈበት መሬት የባለ መንደሩ ነው። ስለዚህ በየወሩ የቦታ ኪራይ ይከፍላል።

ያገራችን ሰው ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ስም አላጣለትም። ጎጆውን በገዛ እጁ ቀልሶ በሌላው ርስት ላይ የሚያድረውን ሰው ጭሰኛ ይለው ነበር። በኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት ስለዚሁ ጭሰኛ ነው። በርግጥ የአሜሪካው ጡረተኛ አራሽ አይደለም፤ ከምርቱም ሲሶ አይገብርም። ሆኖም ቤቱ የራሱ፣ መሬቱ የሌላ ሰው በመሆኑ ረገድ ሁለቱ ይዛመዳሉ።

«ኪራዩ ከከበደው ተንቀሳቃሽ ቤቱን ይዞ ለምን አይሄድም?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቤቱ ተንቀሳቃሽ የሆነው በስሙ ብቻ ነው የሚል ነው። አንድን ቤት ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ብዙ ሺህ ዶላር፣ አንዳንዴም ከአሥር ሺህ በላይ ይጠይቃል። አሮጌው ቤት ጉዞውን አይችለውም፤ ቢችለውም አሮጌ ቤት አንቀበልም የሚሉ መንደሮች ብዙ ናቸው። ሸጦ ልሂድ ቢል ደግሞ፣ ገዢው የቦታውን ኪራይ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ ኪራዩ በናረ መጠን የቤቱ ዋጋ ይወድቃል። ባለ መንደሩም ይህን ሁሉ ያውቃል። ተከራዩ የትም እንደማይሄድ የሚያውቅ አከራይ ዋጋ ለመጨመር የሚፈራው ነገር ምንድን ነው?

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንዲት ባልቴት በወር 1,800 ዶላር የጡረታ አበል ይቀበላሉ፤ ለቦታ ደግሞ 600 ዶላር ይከፍላሉ እንበል። ለኑሮ የሚቀራቸው 1,200 ነው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ በየዓመቱ የኑሮ ውድነት ጭማሪ ያደርጋል፤ ጭማሪው በ2024 በመቶ 3.2፣ በ2025 በመቶ 2.5 ነበር። አበሉ በየዓመቱ በመቶ 3፣ ኪራዩ ግን በመቶ 8 ያድጋል ብንል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አበላቸው 2,419፣ ኪራያቸው 1,295 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሚቀራቸው 1,124 ብቻ ነው። እንግዲህ ምግቡና መድኃኒቱ አሥር ዓመት ሙሉ ሲወደድ ቆይቶ፣ በእጃቸው የሚቀረው ገንዘብ ከመጀመሪያው ያነሰ ሆነ ማለት ነው። ቤቱ ርካሽ ነበር፤ ኑሮው ግን ርካሽ አልሆነም።

ይህንንም ከበርቴዎች ከኛ በፊት አስልተውታል። ቀድሞ ብዙዎቹ መንደሮች የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተሰብ ንብረት ነበሩ። በኋላ ግን ትላልቅ ኩባንያዎች እየሰበሰቡ ገዟቸው። ኢኩቲ ላይፍስታይልና ሰን ኮሚኒቲስ የተባሉት ሁለቱ አክሲዮናቸው በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ናቸው። ኪራይ የማይቋረጥበት፣ ተከራይ የማይለቅበት ንብረት ለባለ አክሲዮን ምን ያህል እንደሚጥም መግለጽ አያሻንም።

በሌላ በኩል፣ የባለ መንደሮቹንም ቃል መስማት ተገቢ ነው። የውኃው ቧንቧና የፍሳሹ መስመር አርጅቷል፣ ግብሩ ጨምሯል፣ ኪራይ በሕግ ከተገታ ማን ያድሰዋል ይላሉ። ክርክሩ ፍሬ አልባ አይደለም። ነገር ግን ለቧንቧ ማደሻ የወጣን ገንዘብ በሰነድ አሳይቶ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው መሄጃ የለውም ብሎ መጨመር ሌላ ነገር ነው። ሕግ ሁለቱን መለየት ይችላል። በ2019 የኒውዮርክ ስቴት የዓመቱን ጭማሪ በመደበኛው በመቶ 3፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ ሲቀርብ እስከ በመቶ 6 ወስኗል። በ2025 ዋሽንግተን ስቴት በመቶ 5፣ ኦሪገን ደግሞ ከ30 በላይ ቦታ ባላቸው መንደሮች በመቶ 6 ጣሪያ አድርገዋል። ጡረተኞች በሚበዙባት በፍሎሪዳ ግን ባለ መንደሩ ከ90 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት እንጂ፣ በመቶ ይህን ያህል ተብሎ የተቆረጠ ጣሪያ የለም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ያገኙት መፍትሔ ነው። በ1984 በኒው ሃምፕሸር ስቴት፣ በሜሬዲት ከተማ፣ የአንድ ትንሽ መንደር ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ተበድረው፣ መሬቱን በጋራ ገዙት። በዚያው ስቴት ሕግ መንደሩን ሊሸጥ የፈለገ ሰው ለነዋሪዎቹ 60 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ዛሬ በአገሪቱ በዚህ መንገድ የነዋሪዎቻቸው ንብረት የሆኑ መንደሮች ከ300 በላይ ናቸው። እርግጥ ነው፣ የባንኩ ዕዳ እስኪያልቅ ወርኃዊ ክፍያው አይቀርም። ነገር ግን መጠኑን የሚወስኑት በስብሰባ ድምፅ የሚሰጡት ነዋሪዎች ናቸው፤ ትርፉን የሚወስድም ሌላ ሰው የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ይህን ስንጽፍ የፋብሪካ ቤት አይረባም ማለታችን አይደለም። የምንለው ርካሽ ቤት ብቻውን ለሽማግሌና ለባልቴት ዋስትና አይሆንም ነው። የምሕንድስና ተማሪው የቤቱን ግድግዳ ያቅልልልን፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪው ወጪውን ያስላልን፤ የሕግ ተማሪው ግን ቤቱ የሚያርፍበትን መሬት ውል ሳያነብብ አይቀመጥ። መምህራኖቻችንም ይህን ጥያቄ ወደ ክፍል ይዘውልን ቢገቡ እንወዳለን።

ከእንግዲህ በሻይ ቤቱ ክርክር ላይ «ቤቱ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ እኛ አስቀድመን «መሬቱ የማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን።